ውሃ በየቀኑ ይመጣል ወይ?

ሀያትዬ፣
ለሥራ ድሬ ጠያራ ወጥቻለሁ፤ ማታ እመለሳለሁ።

ለጫጉላችን ከሁለቱ የማልዲቭስ ሪዞርቶች አንዱን ምረጪልን ብለሽኝ አልነበር? መርጫለሁ። ለሁለቱም በዋትሳፕ ጽፌ "ውሃ በየቀኑ ይመጣል ወይ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

አንደኛው የመዋኛ ገንዳ ፎቶ ላከልኝ። እኔ የጠየቅኩት ሌላ፣ እሱ የሚያሳየኝ ሌላ!

ሁለተኛው ግን "እመቤት፣ ጥያቄው ባይገባንም ውሃ ተቋርጦብን አያውቅም፤ ቢቋረጥም ትልቅ ማጠራቀሚያ አለን" አለኝ። ሮቶ አላቸው ማለት ነው! እሱን ያዙ። ሪድዋን በዋጋው ካጉረመረመ ልደት ናት የመረጠችው በይው።

ሌላው... ጠዋት በተረፈችው ውሃ ፀጉሬን ታጠብኩባት። ለሶላት ውዱእ ያስቀመጥሻት መሆኗ ትዝ ያለኝ ሻምፖውን ከተቀባሁ በኋላ ነው። አፉ በይኝ። ከእነ ዘቢባ ቤት አንድ ጀሪካን ለምኜ በሩ ሥር አስቀምጬልሻለሁ።

ዛሬ ውሃ የሚለቀቀው ለእኛ ሰፈር ነው። ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ሁለቱንም በርሜል ሙዪ።

አውቃለሁ፣ ከሠርግሽ በኋላ ለእኔ አንዱ ይበቃኛል።

ቢሆንም ሁለቱንም ሙዪ።

ልደት