የዳማ ሆድና ያንተ እሬት

ወንድምዓለም፣

ዳማን ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄጃለሁ። ከነጋ አራት ጊዜ አስመልሷታል፤ አሁን መቆምም አቅቷታል። ምንጣፉን አጥቤ አስጥቼዋለሁ፣ ከሥራ ስትገባ ገልብጠው።

ሐኪሙ ለቆዳዋ አለርጂ ቅባት አዞላት ነበር። አንተ ግን «ቅጠል ማንንም ገድሎ አያውቅም» አልክ። ስከራከርህ ደግሞ «አንቺ ልብስሽን ስፊ» አልከኝ። እሺ፣ ሰፋሁ። ሁለት ቀን ተኳርፈን ከረምን። ትናንት ማታ ሳትነግረኝ እሬቱን ከነቢጫ ውሃው ሆዷ ላይ ለቀለቅክላት፤ እሷም ላሰችው። ውሻ ሲያሳክከው መራራ ነው ብሎ አይተውም።

መስኮቱ ስር የነበረውን እሬት ነቅዬ ጥዬዋለሁ፣ አትፈልገው። ማሰሮው ውስጥ ያፈላኸውን የካሞሚል አበባ ውሃ ሐኪሙን ሳልጠይቅ እንዳትቀባት። ታላቄ ነህ ብዬ ስንት ነገር ውጬልሃለሁ፤ ይሄኛው ግን አልዋጥ ብሎኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። እንዳትልስ ብለህ ያጠለቅክላትን የፕላስቲክ አንገትጌ ሊነጋጋ ሲል ያወለቅሁት እኔ ነኝ። ከግድግዳው ጋር እየተጋጨች ስታለቅስ አላስችል አለኝ። የቀባሃትን ብትነግረኝ ኖሮ አልነካውም ነበር። ብጠይቅህ ኖሮም ትነግረኝ ነበር።

አንገትጌውን በሩ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ስትገባ በሩን አትቆልፈው፤ ተሸክሜያት ነው የምመጣው፣ የሚከፍት እጅ አይኖረኝም።