ሲጠሯት የማትሰማው

ጆሐንስበርግ፣ ትሮይቪል
ሐምሌ 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ስልክ አላነሳ ስላልሽኝ ጻፍኩልሽ፤ ፎቶ አንስቼ ዛሬውኑ በስልክሽ እልከዋለሁ። ባለፈው የአያቴን ስም ስጠይቅሽ «መስመሩ ተቋርጧል፣ አይሰማም» አልሽኝ። በተቋረጠ መስመር እንዲህ ጥርት ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ደህና ነኝ። ጀፕ ጎዳና ያለው ሱቄ በወረርሽኙ እንደተዘጋ ነው። ቤት ውስጥም ማስክ አደርጋለሁ፤ ብቻዬን ስለሆንኩ ከማን እንደምጠነቀቅ ግን አላውቅም።

የሚያነጋግረኝ ጎረቤቴ ሙዚ ብቻ ነው። ብረት እየበየደ ሐውልት ይሠራል። አሁን የሚሠራው ለሰፈሩ መናፈሻ፣ ባርነትን እምቢ ላሉ ሰዎች መታሰቢያ ነው። አያቴ በባርነት እንደኖረች ነግሬው ስለነበር ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ጠየቀኝ፤ ስሜን እያወቀ እንደ ደንበኞቼ «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚለኝ።

«ማይ ፍሬንድ፣ ያንተዋ አያት ምን አደረገች? ሰንሰለት በጠሰች?»

«ዝም አለች።»

«ዝም ማለት በብረት እንዴት ይሠራል?»

ነገርኩት። ጌታዋ ያወጣላት ስም «ማን ይችለኛል» ነበር። በጠራት ቁጥር «ማንም» ብላ መመለስ ነበረባት። ሰውዬው ቶሎ ቶሎ ካልተነገረው የሚጠራጠር ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቀን መስማት አቆመች። ቢጮህ፣ ቢገርፋት፣ ወይ አትልም። «ደንቁራለች» ተባለ። አንቺ በሕፃንነትሽ ስታለቅሺ ግን ከጓሮ ሰምታ ትመጣ እንደነበር የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።

ሙዚ ሐውልቱ ወደ ላይ ያነሳውን ቡጢ ቆርጦ ጣለው። አሁን ሴት ናት፤ ለመንገዱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ሰላም ቢሏት አትዞርም።

የጎደለው ስሟ ነው። ዓርብ ፊደሎቹን ይበይዳል። «ማን ይችለኛል» አይባል፤ እሱ የሰውዬው ስም ነው። እናቷ ያወጣችላትን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። ነሐሴ ላይ የእህቴ የፀገነት ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ዘር ይቆጥራሉ። የእኔን ጊዜ አይተናል፤ የእጮኛዬ የኤርጎጌ አባት እስከ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ ብሎ ሦስተኛው፣ አያቴ ላይ ሲደርስ በቃኝ አለ። ግን የትኛው ሽማግሌ ነው ትሮይቪል መጥቶ የሐውልት እግር ሥር የሚያነበው? ድንበሩም ዝግ ነው።

ሐሙስ እደውላለሁ። ስሟን ብቻ በይልኝና ዝጊው። ካላነሳሽ ሙዚ ቦታውን ባዶ ይተወዋል፤ እኔም አልቀየምም፣ አለመስማትን ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ። ግን እማዬ፣ እሷ ያልሰማችው ጌታዋን ነው። የልጇን ለቅሶ ትሰማ ነበር።

ጉልበትሽን ብርድ አይንካው፤ ደጅሽ በመልካም እንግዳ ይሞላ።

ልጅሽ
ሀቢሶ