ዘፈን የማይጨርሱት አባታችን

አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው ጥቅምት 14 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የስንቱን ልጅ ያዋለዱት አያታችን የራሳቸው ልጅ ግን ከቀኑ ሦስት ሳምንት ቀድሞ እንደመጣባቸው ሲያወሩ ኖረዋል። አባታችን ከዚያ በኋላም ለምንም ነገር አልዘገዩም፤ ምንም ነገር ላይም አልቆዩም።

ትምህርታቸውን በአራት ትምህርት ቤቶች ተከታትለው በ1963 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። ሬዲዮ ጥገናም፣ ሲኒማ ቤትም ሞካክረው ከተዉ በኋላ በ1967 ዓ.ም. በሊፍት ጥገና ተቀጥረው ሠላሳ ሰባት ዓመት አገለገሉ። ሥራው ከሕንፃ ሕንፃ ስለሚያዞራቸው ተስማማቸው። ባልደረቦቻቸው «ነፋሱ» ይሏቸው ነበር። የጠገኑት ሊፍት ላይ ራሳቸው አይሳፈሩም፤ ፈርተው ሳይሆን ቆሞ መጠበቅ ስለማይሆንላቸው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ይወጡ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. የስልክ ኦፕሬተር ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1991 ዓ.ም. የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለበት ሕንፃ ሊፍት በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቆመ። ውስጡ የትምህርት ቤቱ የጊታር አስተማሪ ከነጊታራቸው ነበሩ። አስተማሪው ጭንቀታቸውን ለመርሳት የታወቁ የሮክ ዘፈኖችን መጫወት ሲጀምሩ አባታችን ሆነ ብለው እጃቸውን አቀዘቀዙ። የሃያ ደቂቃው ሥራ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በሩ ሲከፈት ጥፋታቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁና እዚያው ተመዘገቡ።

ሲ፣ ጂ እና ኤ ማይነር የሚባሉትን ኮርዶች፣ የክር አያያዞቹን፣ በአንድ ሳምንት ያዙ። አንድ ጣት አጋድሞ ስድስቱንም ክር መጫን የሚጠይቀው ኤፍ ግን ስምንት ወር አሠቃያቸው፤ እኛንም ጭምር። ሜጀር ኮርድ እንደሚፈካ፣ ማይነር እንደሚያዝን እራት ላይ ያስረዱን ነበር። የቴምፖን፣ የዘፈን ፍጥነትን፣ ትርጉም አሳምረው ያውቃሉ፤ አክብረውት ግን አያውቁም። አስተማሪው «ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ዘፈኑ የትም አይሄድም!» እያሉ ይለምኗቸው ነበር።

ከሁሉ የባሰው ዘፈን አለመጨረሳቸው ነው። መግቢያውን ይጫወታሉ፣ አዝማቹ ላይ ይደርሳሉ፣ ከዚያ ሌላ ዘፈን ትዝ ይላቸዋል። እናታችን አራት ኮርድ ብቻ ያላትን አንዲት ዝግ ያለች ዘፈን ይወዱ ነበር። «አንዴ እንኳ ጨርስልኝ» ሲሏቸው «እሺ፣ ነገ» ይላሉ። ይህ ሃያ አራት ዓመት ቀጠለ። ይህን የምትጽፈው ታላቋ ልጃቸው ዛሬም ሲታሰባት ትናደዳለች።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸውና ግራ እግራቸውና ኮርድ የሚይዙበት ግራ እጃቸው አልታዘዝ አሉ። አባታችን በተሽከርካሪ ወንበር ሳሎኑን ሲዞሩ ይውሉ ጀመር፤ ጊታሩንም ከዓይናቸው እንድናርቅላቸው አዘዙን። ከስድስት ወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናታችን ማንንም ሳያማክሩ ጊታሩን አውጥተው አባታችን ጭን ላይ አስቀመጡትና አጠገባቸው ተቀምጠው የጊታሩን አንገት ያዙ። አባታችን የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ እየነገሩ በቀኝ እጃቸው ክሩን መቱ፤ ኮርዱን የያዙት የእናታችን ጣቶች ነበሩ። ኮርድ በተቀየረ ቁጥር፣ እናታችን ጣታቸውን እስኪያስተካክሉ፣ አባታችን መጠበቅ ነበረባቸው። ጠበቁ።

አምስት ሳምንት ተለማመዱ። የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ልጆቻቸው በተሰበሰብንበት፣ የአራት ደቂቃዋን ዘፈን በአሥራ አንድ ደቂቃ ተጫውተው ጨረሱ። እናታችን በደስታ «ሌላ እንሞክር?» ሲሉ አባታችን «ቆይ፣ ትንሽ እንቀመጥ» አሉ። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር እናታችንም ሆኑ እኛ ይህን ከአፋቸው ሰምተን አናውቅም ነበር።

አባታችን ሚያዝያ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው፣ እጃቸው በእናታችን እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው እንወዳቸዋለን። መቀመጥ ለማይሆንላቸው አባታችን ፈጣሪ ደስ ብሏቸው የሚቀመጡበትን ቦታ ይስጥልን፤ እናታችን እስኪመጡም ይጠብቋቸው።