ቀለሙ ወደ ገደሉ ዘመመ

ሐምሌ 7፣ ሥላሴ። ጠዋት

የቀለም ብልቃጦቹን ወለወልኩ። አቧራ አይደለም፣ ሻጋታ ነው። ክረምት ከገባ ሁሉም ይሻግታል፣ ኮርቻውም የከሰል ካውያውም። ቀንዶቹን ቅቤ አስነካሁና መደቡ ላይ በየጉድጓዳቸው መልሼ ተከልኩ። የድሮ ጸሐፊ የቀለም ቀንድ ታቹ ሹል ነው፣ ካልተከሉት አይቆምም። ለዚህ ብዬ መደቡን በስቼላቸዋለሁ።

የአንኮበሩን ሽማግሌ ቤት እንይ ብለው ከደ/ብርሃን ድረስ ይመጣሉ። በስልክ ፎቶ ያነሳሉ። አንዱ ካፌ ሊከፍት ነው፤ ከነፋኖሱ ጠቅልሎ ሊገዛኝ ፈለገ። ቤቴ ሱቅ ይመስላል ወይ አልኩት። ሄደ።

ደብተሬ፣ ሚስቴ ዘነበች ነፍሷን ይማርና ትስቅብኝ ነበር። ሀ ሁን የማያውቅ ሰው ቀለም ያከማቻል ትል ነበር። የት/ቤት ዘበኛ ሳለሁ እስክሪብቶ መጣና የልጆቹን ብልቃጥ ቆሻሻ ላይ ጣሉት። እኔ አነሳሁት። ፊደሉ ኋላ ነው የመጣው፣ በመሠረተ ትምህርት። ይኸው እጽፋለሁ አሁን። ማን ይስቃል።

ከቀንዶቹ ሁለቱ ዘመም ብለዋል። አይጥ ነው።

ሐምሌ 12፣ ሚካኤል። ከሰዓት

ዝናብ። ጉም። ነጋዴው ሰይድ ከአሊዩ አምባ ወጣ፣ በቅሎው ጭቃ በጭቃ። አሮጌ ዕቃ ሲያገኝ ለኔ ነው የሚያመጣው። ዛሬ ያመጣው ብልቃጥ አራት ማዕዘን፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ። እንዲህ ያለ የለኝም። ልቤ ዘለለ፣ ፊቴን ግን አላሳየሁትም።

ያፈሳል አያፈስም ብዬ ውሃ ሞላሁበት። አያፈስም። ግን ውሃው በአንድ በኩል አፉ ደርሷል፣ በሌላው ጎድሏል። ቂጡ ጠማማ ነው፣ አታለልከኝ አልኩት። ሰይድ ብልቃጡን አዞረው። ውሃው አሁንም ወደ በሩ፣ ወደ ገደሉ በኩል። መልሶ አዞረው። ያው።

«ወላሂ አባባ፣ ብልቃጡ ደህና ነው። የዘመመው ቤትዎ ነው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከጠረጴዛው እግር ሥር ስንጥር ከተትኩ። ኋላ ሰይድ ሳቁን ተወ፤ ወለሉን ያያል፣ ጣራውን ያያል። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። የሚያውቅ ሰው ጠርተው ያሳዩ አለኝ። ማን ነው የሚያውቅ? ቤቱን የሠራሁ እኔ። ግቢውን የያዘውን ካብ ድንጋይ በድንጋይ የካብሁ እኔ። ሰማይ ቢወርድ አይነቃነቅም፤ ይህን አገር ሁሉ ሰምቷል ከአፌ።

ሐም. 16፣ ኪዳነ ምሕረት

አይጥ አይደለም። ቀንዶቹ ሁሉም ዘመዋል፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን። አይጥ እንዲህ አይስማማም።

ከመደቡ በላይ ግድግዳው ተሰንጥቋል። ጥፍር ይገባል። ጭቃ በጭድ አቡክቼ ደፈንኩ። አለቀ።

ሐም. 18

ጭቃው ሳይደርቅ ተከፈለ። ጣት ይገባል።

ነገ አስቴር ትመጣለች፣ ልጄ። ካየች ደ/ብርሃን ይዛኝ ትሄዳለች፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ልትሰቅለኝ። የአባቴን ጀንዲ ከቆጥ አወረድሁ። ትልቅ የበሬ ቆዳ ነው፣ ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች ሸፈነው። ፋኖሱን ከጎኑ። ከፊቱ ደግሞ አረንጓዴውን ብልቃጥ፣ ባዶውን። ውሃ አላደርግበትም ከእንግዲህ።

ሐም. 19፣ ገብርኤል

አስቴር አደነቀች። አባዬ ቤቱ እንዴት አማረበት አለች። ጀንዲው ሥር አስቀምጣ አነሳችኝ። ፎቶውን አሳየችኝ፤ ንጉሥ መስያለሁ። ግን ጀርባዬን በረደኝ።

በሩ ለምን አይገጥምም አለች። እርጥበት፣ እንጨቱ አብጦ ነው አልኩ። አመነች። አንድ ነገር ብዬ ተከራክራኝ አታውቅም። ወደ ማታ በሚኒባስ ተመለሰች። ደስ አላለኝም።

ሐም. 24

ከካቡ ሥር ያለችው ጎረቤቴ ወ/ሮ ሸዋዬ ናት። ልጇ ትዕግስት ትናንት ወለደች፣ ሴት። ባሏ አረርቲ ለሥራ ወርዷል፣ ወንድ የለም ቤቱ ውስጥ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልል ወረድሁ። ገንፎ አቀረቡልኝ። ሸዋዬ ታመሰግነኛለች፤ የጋሼ ካብ ባይኖር ይሄ ክረምት ጠርጎን ነበር ትላለች። ጎረሥሁ። ሁለተኛ ሳልጎርስ ተነሳሁ።

ስወጣ በጓሮ ዞርሁ። ካቡ ሆድ አውጥቷል። እንደ እርጉዝ። ከሥሩ ውሃ ይወጣል፤ ዱሮም ይወጣል፣ ግን የጠራ ውሃ ነበር። ዛሬ ቀይ ነው፣ አፈር ይዞ ነው የሚወጣ።

ለሸዋዬ አልነገርኳትም። አራስ ማስደንገጥ አይገባም። እንዲህ አልኩ ለራሴ፣ ደብተሬ። አራስ ብዬ ነው? ወይስ ካቤ ብዬ?

ሐም. 28

ስንጥቁ አላቆመም። ዛሬ እጄ ገባ፣ እስከ አንጓው።

መስኮቱ ዝግ። በሩ ዝግ፣ በጨርቅ ወትፌዋለሁ። ጀንዲው ግን ይተነፍሳል። ያብጣል፣ ይሟሽሻል። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከጀርባው ንፋስ ነው። ምሳ አልበላሁም።

ሐም. 30

ቀበሌ ሄድኩ። መንገዱ በናዳ ተዘግቷል፣ ባለሙያ ከወረዳ አይመጣም ለጊዜው፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ይታያል አሉ። እስከዚያው ሰዎቹን ከሥር ያስወጡ አሉኝ። እኔ ላስወጣ። ቀላል ነገር መሰላቸው።

ነሐሴ 1። ፍልሰታ ገባ

ወረድሁ። ነገርኳት። ሸዋዬ ጥጥ ትፈትላለች፣ ቀና አላለችም። ካቡ ይወድቃል አልኩ። ሳቀች።

«ጋሼ፣ ሰማይ ቢወርድ አይነቃነቅም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ዛሬ ምን ጠጡ?»

ጾም ነው፣ ምን እጠጣለሁ። ቤቴ ተሰንጥቋል አልኳት። ሰሞኑን ፎቶ ሲነሱበት የነበረ ቤት? አለች። አስቴር ፎቶውን ልካላታለች። ንጉሥ የመሰልሁበትን።

ነይ ወጥተሽ እይ አልኳት። አራስ ለብቻዋ ጥዬ ደጅ አልወጣም አለች። ትዕግስትን ይዘሻት ውጪ፣ ላይ ሰፈር እህትሽ ዘንድ አልኳት። ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሳ? አለች። በዚህ ብርድ? አራስ ከቤት ወጥታ መጋኛ ቢመታት፣ ሕፃኗ ብትሞት፣ ለማን ላለቅስ ነው? እሷም እውነት አላት። ክርስትናው ሰማንያ ቀን ነው ለሴት፤ ካቡ ሰማንያ ቀን አይጠብቅም። ጮህኩባት። ትዕግስት ከመጋረጃው ውስጥ ማልቀስ ጀመረች። ሸዋዬ እንዝርቷን አስቀመጠችና ይሂዱ ጋሼ፣ ብቸኝነት ይጎዳል አለችኝ። ለኔ።

አስቴር ጋ ደወልኩ። ሁሉን ነገርኳት፣ ጀንዲውንም። ነገ እመጣለሁ አለች፣ መንገዱ ከተከፈተ።

ነሐሴ 2። ከሰዓት 9 ሰዓት

ከካቡ ራስ ድንጋይ ሄደ። አንድ፣ ቆይቶ ሌላ። የሸዋዬ የጎመን መደብ ላይ አረፈ። ከላይ ሆኜ ጠራኋት። ወጥታ አየች፤ ፍየል ነው የገፋው ብላ ገባች። ፍየል የለኝም። ታውቃለች እንደሌለኝ።

ጀንዲውን አወረድሁ። ስንጥቁ ያለ ልብስ ቆመ። በውስጡ ገደሉ ይታያል፣ ጉሙ ይታያል። ቀንዶቹ ከመደቡ ወድቀዋል፣ እንዳሉ ይሁኑ። ብልቃጦቹንም አልነካም። ስንት ዘመን የለቀምኩት ነው። ይቅር።

በአፍ ነገርኳት፣ አላመነችኝም። ይህ አፍ ነው ሰማይ ቢወርድ ያለው፣ ምን ታድርግ። አሁን አፍ አልጠቀምም። ጋቢዬን ይዣለሁ፣ ዱላዬን ይዣለሁ። ወርጄ ደጃፏ ላይ፣ ከገዛ ካቤ ሥር እቀመጣለሁ። እነሱ ካልወጡ አልነሳም። ዝናቡም ይምታኝ፣ ድንጋዩም ይምጣ። እልኸኛ ሽማግሌ ሲሉኝ ኖረዋል፤ እልኼን ታውቀዋለች ሸዋዬ፣ ከዚህ ቦታ አልነሳም ካልሁ እንደማልነሳ ታውቃለች። ለራሴ ነፍስ ሳልሳሳ ካየች ታምናለች። ሕፃኗን እኔ በጋቢዬ ጠቅልዬ…

ደግሞ ድንጋይ ወረደ። ትልቅ ነው የአሁኑ። ሄድኩ