ለሠላሳ ስምንት ሰከንድ ባዶ ስለቀረችው ቦታ

ለክቡር ሚስተር ክሬግ ስታንዲሽ
የታማራክ ሪጅ ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎም በዚህ ብርድ የሞቀ እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ኤይላ ኮስኬላ እባላለሁ። በሳቮላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ምሳ የማበስል፣ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድንዎ ተከላካይ የነበረው የቶቢ እናት ነኝ። መጻፍ ስለማይቀናኝ ይህ ደብዳቤ አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

መርዶው የደረሰኝ በየካቲት ወር፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ለልጆች ሾርባ እየቀዳሁ ሳለ ነው። ቶቢ ከእኔ ዘንድ አድሮ ወደ ኮሌጁ ሲመለስ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራታ ከመንገድ ወጥታ ነበር። አሠልጣኝ ዌንደል ሪንታላ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም ብለው፣ ልጄን በገደለው በዚያው መንገድ ሁለት ሰዓት ነድተው መጡና ኮፍያቸውን አውልቀው ወጥ ቤት በር ላይ ቆሙ። ከነገሩኝ በኋላ እኔ «ልጆቹ ምሳ አልበሉም» አልኳቸው። «አንቺ ተቀመጪ ኤይላ፣ እኔ እቀዳለሁ» አሉና ሽርጤን አስረው፣ ሌላ ሰው እስኪመጣ ድረስ እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ለተሰለፉት ልጆች ሾርባ ቀዱ።

አሁን ደግሞ እርስዎ በጋዜጣ በሰጡት መግለጫ፣ አሠልጣኙ መልካም ሰው መሆናቸውን ማንም እንደማይክድ፣ ዳሩ ግን «ጠባይ ብቻውን ግብ አያስቆጥርም» በማለት፣ የፊታችን ሐሙስ ቦርዱ ውላቸውን እንዳያድስ ሐሳብ ማቅረብዎን አነበብኩ። ስለዚህ ጥልቅ አባባል ምስጋናዬን እያስቀደምኩ፣ ጊዜዎን የማይሻሙ ጥቂት ነጥቦች ላቅርብ።

አንደኛ፦ ቡድኑ ዘጠኝ አሸንፎ አሥራ ዘጠኝ ተሸንፏል ያሉት እውነት ነው፤ እንዲያውም ከሽንፈቶቹ ሁለቱን የማውቃቸው በቅርብ ነው። በኅዳር ወር ቶቢ የቡድኑን አውቶቡስ ሾፌር አነጋገር እያስመሰለ ጓደኞቹን ስላሳቀ፣ አሠልጣኙ ሁለት ጨዋታ አላሰልፍም አሉት፤ ሁለቱንም ተሸነፉ። እኔም ደውዬ «ለአንድ ቀልድ ነው ልጄን የሚያስቀምጡት?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ቀልዱስ ጥሩ ነበር ኤይላ፤ ሾፌሩ ግን አልሳቀም» አሉኝ። በሳምንቱ ቶቢ ሄዶ ሾፌሩን ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያም ወዲያ ሻንጣዎቹን ሲያወርድና ሲጭን የሚያግዘው እሱ ሆነ። በዚህ ምክንያት ሁለት ውጤት መባከኑን ቀድሜ ስላላሳወቅሁዎ ከልብ አዝናለሁ።

ሁለተኛ፦ ልጄን በቀበርን ማግስት፣ ቅዳሜ በነበረው የመጨረሻ ጨዋታ፣ ለቶቢ የታሰበው የአንድ ደቂቃ ጸጥታ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ስላለበት በሃያ ሰከንድ እንዲያልቅ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ብርድ ላይ ብዙ መቆም ለጉልበቴ አይስማማም።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደኝ ነው፤ የዘገየሁትም እዚህ ላይ ነው።

መግለጫዎ እንደሚለው ያን ጨዋታ ባንሸነፍ ኖሮ ለማጣሪያው እናልፍ ነበር፤ የተሸነፍነውም አንድ ለዜሮ፣ «አሠልጣኙ በስሜት ተነድተው በፈጸሙት ስሕተት» ነው። እውነት ነው፣ ጨዋታው ሲጀመር ስድስት ሆነው መግባት ሲገባቸው አምስት ሆነው ገቡ። በግራ በኩል የቶቢ ቦታ ባዶ ነበረች። ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ በፊሽካ እስኪቋረጥ ብቻ ነበር የታሰበው፤ ፊሽካው ግን የተነፋው ተጋጣሚዎቻችን በሠላሳ ስምንተኛው ሰከንድ በዚያች ባዶ ቦታ በኩል አልፈው ግብ ሲያገቡ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ያንን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። ከመቃብሩ ስንመለስ እጃቸውን ይዤ «ለነገ ብቻ፣ ቦታውን ለማንም አይስጡብኝ» አልኳቸው። አሥራ አምስት ዓመት የበረዶ ሜዳ ዳር ቆሜአለሁ፤ አንድ ሰው ጎድሎ መግባት ምን እንደሚያስከትል አውቅ ነበር። እሳቸውም ያውቁ ነበር። «ጨዋታውን ልናጣው እንችላለን» አሉኝ፤ «አውቃለሁ» አልኩ፤ «እሺ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኛው ጠይቋቸዋል፣ እርስዎም ጠይቀዋቸዋል፣ ስሜን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡም። እሁድ የቡድኑ ልጆች ከአሠልጣኙ ጋር ቤቴ መጥተው ሲበሉ በረኛው ሶረን «እማማ ኤይላ፣ እንዲያው እንዳይቆጭሽ፤ ቶቢ ቢኖርም ያንን አይደርስበትም ነበር፣ ሁሌ ይዘገያል» ሲለኝ፣ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። አሠልጣኙ ግን አልሳቁም፤ ሰሃን እያጠቡ ነበር።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፣ ያ ሽንፈት ከአሠልጣኝ ሪንታላ መዝገብ ተፍቆ በእኔ ስም እንዲጻፍልኝ ነው። ሐሙስ የሚባረር ሰው የግድ ካስፈለገ፣ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ ስለምጨርስ ለመባረር ይመቸኛል።

ሰውን በቁጥር ብቻ መመዘን የሚያስችል ጽናት የሰጠዎ አምላክ ረጅም ዕድሜ ይጨምርልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ኤይላ ኮስኬላ

ማስታወሻ፦ በእነዚያ ሠላሳ ስምንት ሰከንዶች እርስዎ ከክብር ወንበርዎ ተነሥተው «አንድ ሰው ጎድሏል እኮ! ይህ ሰውዬ መቁጠር አይችልም እንዴ?» ብለው ሲጮኹ፣ ከኋላዎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። በትክክል ቆጥረዋል።

ከቦርዱም ሆነ ከውጭ ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ሁሉ፣ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ብትሆኑ፣ የጎደለው ልጄ ቶቢ ነውና እባካችሁ ጸልዩለት።