ኤዛና ያለባት መርከብ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 11፣ 2021

ዛሬም ኤፔክስ፣ ከከተማው ውጭ በረሃው ላይ ያለው መጋዘን። ቀኑን ሙሉ የሕፃን አልጋ ካርቶን ስደረድር ዋልኩ። ወገቤ አልቋል፣ ማስኩ ጆሮዬን ልጦታል። ስመለስ የአባባን የደም ግፊት መድኃኒት ከፋርማሲ አመጣሁ። ልጄን ማያን ከላፕቶፗ ላይ አስነስቼ እራት አበላሁ። ትምህርቱ ኦንላይን ከሆነ ጀምሮ ከክፍሏ የምትወጣው ሲርባት ብቻ ነው።

ኤዛና ድምፅ ልኳል። ደቡብ አፍሪካ ሊደርሱ ነው፤ ምናልባት እዚያ ይቀይሩናል አለ። ምናልባት... ስምንት ወር ብሎ የገባ ልጅ ዓመት አልፎታል፣ አሁንም መርከብ ላይ ነው። በኮሮናው ምክንያት የትኛውም ወደብ አያወርዳቸውም። ታናሽ ወንድሜ፣ የመርከብ ኢንጂነር፣ እንደ እስረኛ "መቼ ይፈቱኝ ይሆን" ይላል።

ከእራት በኋላ አባባ እንደ ልማዳቸው ማያን ጠሩ። "እስቲ ልጄ የት ደረሰ?" ስልኳ ላይ መርከቦችን የሚያሳይ ካርታ አለ። "እዚህ ነው አያቴ፣ አረንጓዴው። ስሎው ነው የሚሄደው።" አባባ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ሠርተዋል። ያቺን ነጥብ ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል።

አርብ፣ ጃንዋሪ 15

መርከቧ አሸዋ ላይ ወጣች።

በእረፍት ሰዓቴ ስልኬን ከሎከር ሳወጣ ከኤዛና ብዙ ሚስኮል። ከዚያ ድምፁ። "ሳምሪ፣ አትደንግጪ። ደህና ነኝ። ሞተሩ ቆመብን፣ ነፋሱ ወደ ዳር ገፋን። አሁን ባሕር ዳርቻ አጠገብ አሸዋ ላይ ቁጭ ብለናል። ለአባባ እንዳትነግሪ።"

አትደንግጪ ይለኛል። ከኋላው የሆነ ነገር ይጮሃል... ብረት ነው? ደወል? ደጋግሜ ሰማሁት፣ አልለየሁትም።

ሱፐርቫይዘሩ "አር ዩ ኦኬ?" አለኝ። ኦኬ አልኩ። ከዚያ በኋላ የነካሁትን ካርቶን ሁሉ ያለቦታው ሳስቀምጥ ዋልኩ።

ለአባባ አልነገርኩም። ልባቸውን ከታከሙ ዓመት እንኳን አልሞላቸውም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 16

በቪዲዮ አየሁት። ከስቷል። ዳርቻው ቅርብ ስለሆነ ኔትዎርኩ ቆንጆ ነው ብሎ ሳቀ። ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። ነጭ አሸዋ፣ ቆመው ፎቶ የሚያነሷቸው ሰዎች፣ ውሻ የያዘች ሴትዮ። "ዋኝቼ የምደርስ አይመስልሽም?" እኔ ያየሁት በመሃል የሚፈላውን ውሃ ነው።

"አብዛኞቹን በሄሊኮፕተር አወረዷቸው" አለ።

"አንተስ?"

ስልኩን መልሶ ወደ ዳርቻው አዞረ።

"አንተስ፣ ኤዛና?"

"ጄኔሬተሩንና ፓምፑን የሚይዝ ሰው መቅረት አለበት። እኔና ግዛቸው ቀረን። ካፒቴኑም አለ፣ ሌሎችም ጥቂት አሉ።"

ግዛቸው የመርከቧ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ የባሕር ዳር ከተማ ልጅ። ሐበሾቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማን አስቀረህ አልኩት። ማንም አላስገደደኝም አለ። ይሄ ነው ያስፈራኝ። ቢያስገድዱት ኖሮ ቢያንስ የምጮህበት ሰው ነበረኝ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 18

"ይቺ ነጥብ ለምንድን ነው የማትንቀሳቀሰው?" አሉ አባባ።

ማያ እኔን አየችኝ። እኔ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። "ወደብ ለመግባት ወረፋ ይዘው ነው አባባ።"

"እዚያ ቦታ ላይ ወደብ የለም።"

ቧንቧውን ዘጋሁት። ይቀመጡ ልላቸው ዞር ስል ተቀምጠዋል። ነገርኳቸው። ደረታቸውን የሚይዙ መስሎኝ ዓይኔን ከእጃቸው ላይ አላነሳሁም። አልያዙም።

"አሸዋ ነው ድንጋይ?" ብቻ አሉ።

"አሸዋ።"

"ተመስገን።" ትንሽ ቆይተው፣ "ባሕሩ ሞልቶ በነበረበት ቀን ከወጣች ግን፣ መልሶ እንደዚያ እስኪሞላ አትነሳም። ባሕሩን የምትሞላው ጨረቃ ናት፣ እሷን መጠበቅ ነው።"

ብርጭቆውን ሊያነሱ ሲሉ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ልጠርግ ስነሳ እጄን ያዙኝ። "አንድ ነገር ንገሪልኝ። ሲጎትቷት ገመዱ አጠገብ እንዳይቆም። ንገሪው።"

ለምን አልኳቸው።

"አሰብ እያለን አንድ ጓደኛ ነበረኝ..." ብለው ተዉት። አልጠየቅሁም። ባልሰማው ይሻላል።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 19

ጥምቀት። ቅዳሴው በዩቲዩብ። ካህኑ ጠበል መርጨት ሲጀምሩ ተነስቼ ወጣሁ። ውሃ ማየት አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 20

ጎታች መርከብ መጣችላቸው። ሞከሩ። አፍንጫዋ ትንሽ ዞር አለ ይላል ኤዛና፣ ከዚያ በቃ። እንድትቀል ነዳጇን በቱቦ እየቀዱላት ነው። የጫነችው ስንዴ ግን እንዳለ ሆዷ ውስጥ ነው።

የአባባን ነገር ነገርኩት፣ ስለ ገመዱ። "እሺ በያቸው" አለ። ልጅ እያለ የሚለው እሺ ነው። የማይሰማበት።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 23

ከሞዛምቢክ በኩል ትልቅ ማዕበል ገብቷል ይላል ዜናው። የኤዛና ስልክ አይጠራም።

"እማ፣ ነጥቡ የለም" አለች ማያ።

"እንዴት የለም?"

"አላውቅም። ጠፋ። ሪፍሬሽ አደረግሁ፣ የለም።"

አባባ ኮታቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ወጥተው ቆሙ። ተከትዬ ወጣሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም። ጎረቤታችን መኪናውን ያጥባል፣ ሙዚቃ ከፍቷል። ዝም እንዲያሰኘው ልሄድ አሰብኩ። ምን ብዬ? ወንድሜ ማዕበል ውስጥ ነው ብዬ? እዚህ በረሃ ላይ ማን ያምነኛል...

ስልኩ አሁንም አይጠራም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 24

ደወለ። አለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለ።

ድምፁ ተዘግቷል። "ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት አደረች" አለኝ። መርከቧን ነው። አንዱ የጭነት ክፍል ውሃ አስገብቷል። ስንዴው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብረቱን ይገፋዋል አሉ። ኩባንያው መውረድ የፈለገ ይውረድ ብሏል።

"ውረዳ።"

"ሳምሪ..."

"ውረድ እኮ ነው የምልህ። አባባን ልትገላቸው ነው? እኔን ልትገለኝ ነው?"

"ፓምፑ ከቆመ ትሰበራለች። እኔ ከወረድኩ ደግሞ ግዛቸው ብቻውን ነው።"

"ግዛቸውም ይውረድ።"

"እሱም ለሚስቱ እንደዚሁ ነው የሚላት። ኤዛናን ብቻውን ጥዬው አልሄድም ይላታል።" ሳቀ።

ዘጋሁበት። ወዲያው መልሼ ብደውል አይነሳም። ለምን ዘጋሁበት? የመጨረሻው ቢሆንስ?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 28

ፋንታዬ የምትባል ሴት ከባሕር ዳር ደወለች። የግዛቸው ሚስት። ቁጥሬን የሰጣት ኤዛና ነው። "ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። ዜናው በእንግሊዝኛ ነው የሚወጣው፤ እርስዎ ካዩ እንዲነግሩኝ ብዬ ነው።" ትንሽ ልጅ ከኋላዋ ይንጫጫል።

ጨረቃዋ ሞልታለች፣ ነገ ይጎትቷታል አልኳት።

"እርስዎ ይፈራሉ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እኔም" አለች።

አርብ፣ ጃንዋሪ 29

ከሥራ ቀረሁ። ጠዋት የዚያ አካባቢ ሰዎች ፌስቡክ ላይ ለጥፈውት አየሁ። ሲጎትቱ ገመድ ተበጥሷል። አንድ ኢትዮጵያዊ መርከበኛ ክፉኛ ተጎድቷል።

አንድ። ስም የለውም። ያሉት ሁለት ናቸው።

ኤዛና ጋ ደወልኩ፣ አይነሳም። ኩባንያው ጋ ደወልኩ፣ ሙዚቃ። አባባ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማያ መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ከዚያ የፋንታዬ ስም ስልኬ ላይ መጣ። እየጠራ አየሁት። አላነሳሁም። ምን እላታለሁ? ደግማ ደወለች። መኝታ ቤቴ ገብቼ ዘጋሁና ምንጣፉ ላይ ተንበረከክሁ። ያልኩትን እዚህ ልጻፈው፣ ለሰው አልናገረውም። "እመብርሃን፣ የእኔ አይሁን" አልኩ። የእኔ ካልሆነ የማን እንደሚሆን እያወቅሁ። እያወቅሁ ደጋገምኩት።

እኩለ ቀን ገደማ ኤዛና ደወለ። "እኔ አይደለሁም" አለ፣ ሃሎ እንኳን ሳልል። "ግዛቸው ነው። እግሩን ነው። በሄሊኮፕተር ወሰዱት። ነፍሱ አለች።"

ደስ አለኝ። እውነቱ ይሄ ነው፣ ደስ አለኝ።

"ለፋንታዬ አንቺ ንገሪያት። እኔ አፌ አልፈታ አለኝ" ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

ነገርኳት። "በሕይወት አለ፣ መጀመሪያ እሱን ስሚኝ" ብዬ ጀመርኩ። ጩኸት ጠብቄ ነበር።

"የትኛው እግሩ ነው?" አለች።

"እሱን አላወቅሁም።"

"ግራውን ድሮም ያመዋል" አለች ቀስ ብላ። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። ከዚያ፣ "ኤዛናስ?"

"ደህና ነው።"

"ተመስገን" አለች። ለእኔ ወንድም። ተመስገን አለች...

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 30

ኤዛና አልወረደም። ግዛቸውን ካወጡት በኋላ ማሽኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ዛሬ ካልተነሳች ባሕሩ መጉደል ይጀምራል፣ ከዚያ በላይ አትችልም፣ ትሰበራለች አለኝ። ካፒቴኑ ሌሎቹ ሁሉ በመርከቧ ላይኛው ወለል ይሁኑ ብሏል፤ ኤዛና ብቻ ከታች ነው። ከታች ሆኖ ብትሰበርስ?... አልጠየቅሁትም።

ዛሬም መቅረት ስለማልችል ኤፔክስ ድረስ ነዳሁ። ገና እየነጋ ነበር። ፓርክ አድርጌ ከመኪናው መውረድ አቃተኝ። እዚያ ስልኩ ቪዲዮ አይከፍትም። ማያ ቤት ሆና፣ ከዳርቻው አንድ ሰው የሚያስተላልፈውን ላይቭ እያየች ትነግረኛለች።

"እማ፣ ጎታቹ ሁለት ነው። ገመዱ ታይት ሆነ።"

"አባባስ?"

"እዚህ ነው። እጄን ይዟል። በጣም ይዟል፣ እያመመኝ ነው።"

"ይያዙሽ። እሺ፣ ከዚያስ?"

"ምንም። አይሄድም። ... አይሄድም፣ እማ።"

ሰዎች የመታወቂያ ባጃቸውን በሩ ላይ እያስነኩ ይገባሉ። አንዷ መስኮቴን አንኳክታ ሺፍት ሊጀምር ነው ብላ ሰዓቷን አሳየችኝ። እጄን አወዛወዝኩላት። መሪውን ጨብጬ ነው የቀረሁት፤ መኪናው ቆሟል፣ እኔ ግን መርከቧን የምጎትት ይመስል ወደ ራሴ እስበዋለሁ።

"ጭስ አለ" አለች ማያ።

"የምን ጭስ? ማያ፣ የምን ጭስ?"

"አላውቅም፣ ጥቁር ነው..."

ከኋላዋ የአባባ ድምፅ፣ "የጎታቾቹ ነው። የጎታቾቹ ነው በያት።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

"እማ፣ እየዞረ ነው። መርከቡ ላይ ያለው ቤት ከዚህ በኩል ነበር፣ አሁን ከዚያ በኩል ነው። እማ፣ እየሄደ ነው።"

ከዚያ የሰማሁትን ድምፅ መጀመሪያ አላወቅሁትም። አባባ ናቸው፣ ሲያለቅሱ። እናታችንን የቀበርን ዕለት እንኳን አልሰማሁትም ነበር።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 21

ኤዛና መሬት ረግጧል። ኳራንቲኑን ጨርሶ ግዛቸውን ሆስፒታል ሄዶ አየው። ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል። ግራው አይደለም፣ ቀኙ ነው። አንድ ላይ ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ ኤዛና ደግፎ ሊያደርሰው። ከዚያ ወዲያ ባሕር ይመለስ እንደሆነ ጠየቅሁት። አላውቅም አለ። ተኝቶ ሳለ አሁንም ወለሉ ሲያቃስት ይሰማዋል።

እኔም አልዳንኩም። ስልክ በጠራ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። አባባ ካርታውን ማየት ትተዋል፣ ማያ ስታመጣላቸው "ተይው" ይላሉ።

ከፋንታዬ ጋር ግን በየእሑዱ እናወራለን። አንቱታው ቀርቷል። ዛሬ ስለ ጉዟቸው ስናወራ ቆይተን ድምፅዋ ተለወጠ።

"ሳምሪ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዚያ ብትጠዪኝም አልፈርድብሽም።"

"ንገሪኝ።"

"ያን ቀን ስልኩን ሳታነሺልኝ ስትቀሪ... የተጎዳው ኤዛና ይሁን ብዬ ተሳልኩ።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"እኔም" አልኳት። "እኔም የእኔ አይሁን ብያለሁ። ለዚያ ነው ያላነሳሁልሽ።"

ልጇ ከኋላዋ "ውሃ" ይላታል፤ ስትቀዳለት እሰማለሁ። ስልኩን ማናችንም አልዘጋንም።