አያ ሞላ ዝም ማለት ነበረበት

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8 ቀን፣ ጎንደር

እስካሁን ጉንጬን ያመኛል፤ ከሳቅ ብዛት ነው።

ሽማግሌዎች የሟች አባታችንን ጠመንጃ ለእኔ ለታናሹ ከሰጡኝ ወዲህ ታላቅ ወንድሜ አያ ሞላ አኩርፎኝ ነበር። ትክል ድንጋይ ከተማ እናታችን ቤት ስንገናኝ እንኳ ሰላምታዬን አይመልስም። የምንነጋገረው በቲያትር ክበባችን መድረክ ላይ፣ ያውም በተጻፈልን ቃል ብቻ ነው። የዘንድሮው ቲያትር ከጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክ የተወሰደ ነው። ሁለት ተዋጊዎች የሞተ ጀግና ጋሻና ጦር ለእኔ ይገባል ተባብለው ይጣላሉ። ለአንደበተኛው ይፈረድለታል፤ ጉልበተኛው በብስጭት ይሞታል። አንደበተኛው እኔ ነኝ፣ ጉልበተኛው አያ ሞላ።

ዛሬ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መጨረሻው ላይ ሙታን አገር ወርጄ እለምነዋለሁ፤ እሱ ቃል ሳይመልስልኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ መሄድ አለበት።

«ያ ጋሻ ምነው በቀረብኝ! አንተን አሳጣኝ። እባክህ አናግረኝ» አልሁት። ቃሉ የድርሰቱ ነው፤ እንባዬ ግን የምሬን ነበር።

አያ ሞላ ዞረ። ጥቂት ሄደና ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ትከሻዬን ያዘኝ።

«በቃ አታልቅስ፣ ጌትዬ። እኔም ናፍቀኸኛል።»

ጌትዬ የቤት ስሜ ነው። ሕዝቡ የድርሰቱ መስሎት አጨበጨበ። አዘጋጃችን ከመጋረጃው ጀርባ «ዝም በል! አንተ ሞተሃል እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«ብሞትስ ወንድሜ አይደለም?» አለው አያ ሞላ። አዳራሹ በሳቅ አበደ።

ስንወጣ ጠመንጃውን ውሰደው አልሁት። «እሱን እናያለን፤ መጀመሪያ እራት ጋብዘኝ» አለኝ። ከአንድ ትሪ በላን።

ነገ አብረን ትክል ድንጋይ እንሄዳለን። እናታችን ሁለታችንን በአንድ ላይ ስታየን ምን ትል ይሆን…